በዓቢዳ ስም

አሚና ልጇ ዓቢዳ ሥራ ስትፈልግ አይታ አታውቅም። ስታይ የከረመችው ስልክ ስትነካካ ነው። በእሷ ቤት ሥራ የሚፈልግ ሰው ማልዶ ይነሣል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣ ሄዶ ሰው ፊት ይቆማል። እሷ ራሷ መርሳ ከተማ አስፋልት ዳር ፍራፍሬ መነገድ ስትጀምር እንዲያ ነው ያደረገችው። ከግራና መንደር ማንጎና ፓፓያ የሚያወርዱትን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞረች "ለእኔም አምጡልኝ" አለች፤ አመጡላት፤ ነጋዴ ሆነች። ዓቢዳ ግን ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ከተመለሰች ጀምሮ ከቤት ሳትወጣ "ሥራ እየፈለግሁ ነው" ትላለች። መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ስትገፋ ትውላለች።

"ዛሬስ አገኘሽ?" ትላታለች አሚና ከገበያ ስትገባ።

"ሁለት ቦታ ላክሁ እማ።"

"ምን አሉሽ?"

"ምንም። የሚደውሉት ለተመረጠ ሰው ብቻ ነው።"

"ያልተመረጠውስ አለመመረጡን በምን ያውቃል?"

"ዝም ሲሉት።"

አሚና ጥቂት አሰበችና፣ "እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም" አለች። "ዕቃሽን ዘርግተሽ፣ ገዢው ይምጣ አይምጣ ሳታውቂ መቀመጥ።"

ዓቢዳ ሳቀች። በዚያ ሰሞን ገና ትስቅ ነበር።

እየቆየ ሳቁ ሄደ። የቴሌግራም ቻናሎቹ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ሲያዘንቡ ይውላሉ። "ልምድ አይጠይቅም" የሚለውን ከፍታ ስታነብ፣ ከታች ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ቅጹን ሞልታ ሞልታ፣ ዲግሪዋንና ፎቶዋን አያይዛ ልትልክ ስትል ኔትወርኩ ይቆረጥና ሁሉም ባዶ ይሆናል፤ እንደገና ከስሟ ትጀምራለች። አንዱ ቻናል "ለመመዝገቢያ የሞባይል ካርድ ላኪ" ብሎ ካርዱን ከተቀበላት በኋላ ብሎክ አድርጓት ጠፋ። ዩኒቨርሲቲ ዶርም አብራት የነበረችው የወልድያዋ ፌቨንም ቤቷ ሆና እነዚያኑ ማስታወቂያዎች ታሳድዳለች። ሁለቱ ያገኙትን ይላላካሉ። "ይቺን አይተሻታል?" "ልኬያለሁ።" "እኔም።" ከዚያ ዝም።

መልስ የመጣው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ደሴ ቢሮ ያለው አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመስክ አስተባባሪነት ካመለከቱት መካከል ዓቢዳን መርጧት፣ በሚቀጥለው ሳምንት በስልክ ቃለ መጠይቅ እንደሚያደርግላት ኢሜይል ጻፈላት። ዓቢዳ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ለእናቷና ለአባቷ ለሙሄዲን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ሙሄዲን አልሐምዱሊላህ አለና፣ "በስልክ ብቻ ነው እንዴ የሚጠይቁሽ? መልክሽን ሳያዩ?" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓቢዳ ስልኩን ከእጇ አላወረደችም። ልብስ ስታጥብ ድንጋይ ላይ፣ ስትሰግድ ምንጣፉ ዳር ታስቀምጠዋለች። ጓሮ እየወጣች ጥያቄውን ራሷ እየጠየቀች ራሷ ትመልሳለች።

በዚያው ሰሞን ጦርነቱ ደረሰ። መጀመሪያ ወልድያ ተያዘች፤ መርሳም ተከተለች። መብራት ጠፋ፣ መኪና ቆመ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደግሞ ስልኩ ሁሉ ተቋረጠ። ዓቢዳ ስልኩን አጠፋችው፣ አበራችው፤ ሲም ካርዱን አውጥታ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችና መለሰችው። ከዚያ በኋላም ማጥፋትና ማብራቱን አልተወችም።

ከግራና በላይ ካለው ጋራ ላይ ኔትወርክ ይይዛል የሚል ወሬ መጣ። አባትና ልጅ ሄዱ። ጋራው ላይ ብዙ ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ወዲህ ወዲያ ይዞራል። አንዱ "ያዘ" ይላል፣ ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል፣ ምንም የለም። ዓቢዳ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አልወርድም አለች። በመጨረሻ ሙሄዲን እጇን ይዞ እንደ ሕፃን እየጎተተ አወረዳት።

ከዚያ ወዲያ የጎረቤታቸው የካሳዬ ሶላር ላይ ስልኳን ቻርጅ እያደረገች፣ ቀድሞ የወረዱትን የሥራ ማስታወቂያዎች ስታነብ ትውል ጀመር። ላይ ታች እያለች፣ "ይቺኛዋ ዛሬ ትዘጋለች" ትላለች። በማግስቱ ሌላዋን፣ "ይቺም አለፈች።" አሚና ይህን ስትሰማ፣ ልጅቱ የማትደርስበት ገበያ በሩቅ ሲበተን እያየች የምትቆጥር ይመስላታል።

አንድ ጠዋት ዓቢዳ ሻንጣዋን አንሥታ፣ "ደሴ እሄዳለሁ" አለች።

"የት ታልፊና?" አለ ሙሄዲን። "በዚህ ጊዜ ልጃገረድ በዱር መንገድ አልሰድም። እኔም አልሄድ፤ ወንድ ሲያዩ እዚህም እዚያም ሰላይ ነው የሚሉት።"

"ታዲያ እዚህ ቁጭ ብዬ ልበድ?"

ለዚህ መልስ የነበራት አሚና ናት። ሴት ነጋዴዎች ዋናው መንገድ ቢዘጋም በተራራው ዞረው ደሴ እየደረሱ ጨው፣ ሳሙናና መድኃኒት ማምጣት ጀምረዋል። ከነሱ አንዷ የገበያ ወዳጇ ሲቲ ናት።

"እኔ እሄዳለሁ" አለች አሚና። "ለአባትሽ የደም ግፊት ኪኒን ማምጣቴ አይቀርም። የምትዪኝን ንገሪኝና ለሰዎቹ እነግርልሻለሁ።"

"እማ፣ እነሱ ቢሮ ሰው አይቀበሉም። ሁሉም በኢንተርኔት ነው።"

"ኢንተርኔቱስ የት ነው የሚገባው? ሰው ዘንድ አይደለም?"

ዓቢዳ ይህን አልተከራከረችም። ፌቨን ከቤተሰቧ ጋር ወደ ደሴ መሸሿን ሰምታለች። የፌቨንን ስልክ ቁጥር እናቷ በቃሏ እስክትይዘው ድረስ እየደጋገመች አስጠናቻት፤ ኬላ ላይ ወረቀት ቢገኝ መዘዝ ነው። ከዚያ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ነገረቻት።

"የኔ ስም ነው እንዴ?" አለች አሚና።

"ስምሽና የተወለድሁበት ዓመት" አለች ዓቢዳ ወደ መሬት እያየች። "እንዳልረሳው ነው።"

አሚና ከሲቲና ከሌሎች ሴቶች ጋር ሎሚ ተሸክማ በግራና አድርጋ ሽቅብ ወደ አምባሰል ወጣች። ታጣቂ ባለበት ሁሉ "ምን ይዛችኋል? ወዴት ናችሁ?" ይባላሉ፤ ሲቲ ትመልሳለች፤ ሎሚ ይወሰድባቸዋል፤ ያልፋሉ። ደጋው ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። አሚና እግሯ ውኃ ቋጥሮ እያነከሰች እንኳ ከንፈሯ አይቆምም። ሲቲ ዱዓ የምታደርግ መስሏት "አሚን፣ አሚን" ትላታለች። አሚና ግን የፌቨንን ቁጥር ነበር የምትደጋግመው። በሐይቅ በኩል ወርደው መኪና አገኙና ደሴ ገቡ።

ፌቨን በተደወለላት በጥቂት ጊዜ ውስጥ እየሮጠች መጣች። አሚናን አንገቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም።

"እትዬ አሚና፣ ዓቢዳ ደኅና ናት? ምን ሆነው ነው የመጡት?"

"ደኅና ናት ልጄ። ሥራ ልፈልግላት ነው የመጣሁት።"

ፌቨን የምትኖረው የወልድያ ተፈናቃዮች በሰፈሩበት ትምህርት ቤት፣ ብዙ ቤተሰብ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ነበር። አባቷ ይርጋ መካኒክ ነው፤ ሲሸሹ ወገቡን ታሞ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። እናቷ ንግሥት ለአሚና ቦታ ለቀቀችላትና ያላትን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። አሚና ግን መቀመጥ አልቻለችም። "መጀመሪያ ክፈቺው" አለች።

ፌቨን በስልኳ የዓቢዳን ኢሜይል ከፈተች። ድርጅቱ ደጋግሞ ጽፏል። መጀመሪያ፣ ደውለን አላገኘንዎትም ይላል። ቀጥሎ፣ እባክዎ በሌላ ስልክ ያግኙን። የመጨረሻው፣ ኔትወርክ ከተቋረጠባቸው አካባቢዎች የሆኑ አመልካቾችን እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ወደ ተጠባባቂዎቹ እናልፋለን ይላል።

"አላለፈም ማለት ነው?" አለች አሚና።

"አላለፈም። የኔን ቁጥር ሰጥቼ ችግሩን ልጻፍላቸው።" ፌቨን እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ "እኔም ለዚሁ መደብ አመልክቼ ነበር" አለች። "አንድ ቀን ነው የላክነው።"

"አንቺንስ ምን አሉሽ?"

"ምንም።"

አሚና ያኔ ነገሩን ልብ አላለችውም። ልቧ ያለው መርሳ ነው።

በማግስቱ አሚና ያንን ግቢ ስትዞር ዋለች። ክፍሉን ጠረገች፤ የሰው ልጅ አዘለች፤ ውኃ ሰልፍ ላይ ቆመች፤ በየመሐሉ እየተመለሰች "ደወሉ?" ትላለች። ስልኩ የጮኸው ፌቨን ልብስ ስታሰጣ ነው። ፌቨን እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሣችው።

"ሄሎ… አቤት?… ዓቢዳ ሙሄዲን?" ብላ ወደ አሚና ዞረች። ዓይኗ 'ምን ልበል?' ይላል። የሚባለው የታወቀ ነበር፤ ዓቢዳ እዚህ የለችም፣ እናቷ ናት የመጣችው፣ ትንሽ ታገሡን። አሚና ግን የሳምንቱ መጨረሻ፣ ጋራው፣ የልጇ አውራ ጣት በአንድ ጊዜ መጡባት። ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገች። ፌቨን አልገባት ሲል ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "አዎ በያት" አለቻት።

ፌቨን ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ "አዎ፣ ነኝ" አለች።

የደዋይዋን ጥያቄ አሚና ለይታ አትሰማም። የምትሰማው የፌቨንን መልስ ብቻ ነው። "እናቴ መርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ ናት፤ አባቴ ገበሬ ነው" ስትል አሚና ፊቷን አዞረች። "ለተግባር ልምምድ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነበርሁ፤ ከገበሬዎች ጋር ማሳ ላይ ሠርቻለሁ።" ይህ እውነት ነው፤ ሁለቱም ሲሪንቃ አብረው ነበሩ። እየቆየ ሲሄድ ፌቨን ፈጠን ፈጠን እያለች ትመልስ ጀመር። ተፈናቃዮች ምን ይፈልጋሉ ተብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ግቢውን እያየች መናገር ጀመረች፤ ዱቄት ሲመጣ ማብሰያ እንደሌለ፣ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንዴት እንደሚጠባበቁ፣ ሽማግሌዎች ስማቸው በእርዳታ መዝገቡ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ወጣቶች እንደሚቀሩ። ዓቢዳ መሆኗን የረሳች ትመስላለች። ስልኩን ስትዘጋ ጉንጯ ቀልቷል።

"እንዴት ነበር?" አለች አሚና።

"ጥሩ ነበር" አለች ፌቨን። ከዚያ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች፤ አንዱን ልብስ ሁለት ጊዜ አውርዳ ሁለት ጊዜ ሰቀለችው።

ዓቢዳ ሙሄዲን መመረጧን የሚገልጽ፣ የትምህርት ማስረጃዋንና መታወቂያዋን ይዛ እንድትቀርብ የሚል ጥሪ ወዲያው በማግስቱ ደረሰ። አሚና በመጀመሪያ ለምስጋና ሱጁድ ወረደች። ከዚያ ስትነሣ ነው ነገሩ የታያት። ዓቢዳ መርሳ ናት። አሁን ተመልሳ ብትነግራት እንኳ ልጅቱን በዚያ መንገድ ማን ያመጣታል?

ቀድማ የተናገረችው ንግሥት ናት።

"አሚና፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ክፉ አይምሰልሽ" አለች። "ልጆቹ እንደ እህት ናቸው። ፌቨን በዓቢዳ ስም ትግባ። የሚከፈለውን ይካፈሉታል። መንገድ ሲከፈት ዓቢዳ ትመጣና ቦታዋን ትይዛለች። እስከዚያ ቦታው አይጠፋም።"

ይርጋ ፍራሹ ላይ እንደተኛ፣ "መታወቂያውስ?" አለ።

"አሁን መታወቂያ ይዞ የሸሸ ማን አለ? 'ተቃጠለ' ትላለች።"

አሚና ሐሳቡ ደስ አላት። ክፉ ሆኖ አልታያትም። የሰው መደብ ጎረቤት ሲጠብቅ አይታለች፤ እሷም ስንት ጊዜ የሲቲን ጠብቃለች። 'ይሁን' ልትል አፏን ስትከፍት ፌቨን ተነሣች።

"እኔ አልችልም" አለች። "ዓቢዳ እየተባልሁ መዋል አልችልም። ትናንት ስለ እርስዎ ስናገር፣ እትዬ አሚና፣ እናቴ እዚያ ጋ ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። ያንን በየቀኑ ልለው ነው? ዓቢዳስ ስትመጣ ምን ታገኛለች? ሰዎቹ በሷ ስም የሚያውቁት የኔን ፊት ነው።"

ንግሥት ልትቆጣ ነበር፤ የልጇን ዓይን አየችና ተወችው። አሚና በልጇ ስም ሌላ ሰው ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ አቤት የሚለው ፊት የዓቢዳ አልነበረም።

"ተነሺ" አለቻት ፌቨንን። "ሰው ያለበት ቢሮ አይደል? እንሂድና እንንገራቸው።"

የድርጅቱ ቢሮ በር ላይ ዘበኛው፣ "ማመልከቻ በኢንተርኔት ብቻ ነው" አላቸው። ፌቨን የተጠራችበትን መልእክት ስታሳየው አስገባቸው። የተቀበለቻቸው ፀሐይ የምትባል፣ እንቅልፍ ያጣች የምትመስል ጎልማሳ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስልክ እየተፈራረቀ ይጠራል።

"ዓቢዳ?" አለች ወደ ፌቨን እያየች። "ድምፅሽን ለየሁት።"

"ዓቢዳ አይደለሁም" አለች ፌቨን።

የቀረውን አሚና ተናገረች። ከመርሳ መምጣቷን፣ ስልኩ መቋረጡን፣ ልጇ ጥሪውን ስትጠብቅ መክረሟን ነገረቻት። "'አዎ በያት' ያልኋት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ አላሰበችውም፤ የኔይቱ ደግሞ ጭራሽ አታውቅም። አጠፋሁ።"

ፀሐይ ብዕሯን አስቀምጣ ሁለቱንም አየቻቸው። "ስለ መጠለያው የተናገርሽው ከየት ነው?" ብላ ፌቨንን ጠየቀቻት።

"እዚያው ነኝ ያለሁት። እሱ እውነት ነው። ስለ እናትና ስለ አባት ያልሁት ብቻ ነው የኔ ያልሆነው።"

"ባትነግሩኝ ኖሮ ነገ ሥራ ትጀምሪ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

ፀሐይ ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየች። "የማደርገውን ልንገራችሁ" አለች በመጨረሻ። "ዓቢዳን መጠበቅ አልችልም፤ ሥራው ዛሬ ሰው ይፈልጋል። አንቺንም በዚህ መደብ ላስገባሽ አልችልም፤ አዲስ አበባ ያሉት አለቆች የሚያዩት ሲስተሙን ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ አንቺን ጥሎሻል። ለምን እንደጣለሽ እኔም አላውቅም። ወደ ተጠባባቂው ነው የምሄደው።"

አሚና ራሷን ነቀነቀች። ይህን ጠብቃው ነበር። የመጣችበት ሌላ ፍርሃት ነው። "እመቤቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። የልጄን ስም አያጥፉብኝ። 'አታለለች' ተብሎ እዚያ ውስጥ ቢጻፍባት፣ ነገ ሌላ ቦታ ስትልክም ይከተላታል። ሲነጋ ሲመሽ እዚያ ላይ ነው የምትውለው።"

የፀሐይ ድምፅ ለስለስ አለ። "እንዲያ አልጽፍም እናቴ። 'አልተገኘችም' ብዬ ነው የምዘጋው።"

ሊወጡ ሲሉ ፌቨንን ጠራቻት። የትኛው ትምህርት ቤት እንዳለች፣ ስንት ቤተሰብ እንደምታውቅ ጠየቀቻት። ከዚያ፣ "ሰኞ እዚያ ምዝገባ እንጀምራለን" አለች። "በቀን የሚከፈላቸው መዝጋቢዎች እንፈልጋለን። ለዚህ ማስታወቂያ አላወጣንም፤ እዚያው ካለው ሰው ነው የምንወስደው። ትሠሪያለሽ?"

ፌቨን መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ አሚና ዞረች። ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስላለች።

"እሺ በያት እንጂ" አለች አሚና።

ከቢሮው ወጥተው ቁልቁል ሲወርዱ አሚና በመሐል ቆመች። "ወላሂ ቀናሁብሽ" አለች። "ደስ ብሎኛል፤ ግን ቀናሁ። እኔ ያን ሁሉ ተራራ የመጣሁት ለሷ ነበር።"

"አውቃለሁ እትዬ አሚና" አለች ፌቨን። ክንዷን ያዘቻትና አብረው ወረዱ።

አሚና ጨው፣ ሳሙናና የሙሄዲንን ኪኒን ይዛ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። መርሳ ስትደርስ ዓቢዳ ከሩቅ አይታት እየሮጠች መጣችና ሸክሙን እንኳ ሳትቀበላት፣ "አገኘሻቸው?" አለች።

አሚና ቤት ገብታ፣ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ዓቢዳ መጀመሪያ ጥሪው እንዳላለፈ ስትሰማ ፊቷ በራ። ፌቨን ሲሪንቃን ጠቅሳ እንደመለሰች ስትሰማ ፈገግ አለች። መመረጧን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አሚና ወደ ቢሮው እንደሄዱ ነገረቻት።

"ሄዳችሁ ነገራችኋቸው?"

"ነገርናቸው።"

"እኔ ተመርጬ?"

"ተመርጠሽ።"

ዓቢዳ ብድግ አለች። "ብትተዪው ኖሮ ሥራው እስካሁን ይኖር ነበር እማ! ስሜ እንኳ ሥራ ይይዝ ነበር። ምን ያደርግሻል ዝም ብትዪ?"

ሙሄዲን ሊቆጣት አፉን ሲከፍት አሚና በእጇ ከለከለችው። ዓቢዳ ጓሮ ወጣች። ለብዙ ቀን እናቷን ከ"እሺ" እና ከ"እንቢ" በቀር አላናገረቻትም። አሚናም አልተጫነቻትም። ትክክል መሥራቷን ራሷም እርግጠኛ አልነበረችም፤ ሰላት ላይ ቆማ እንኳ ይህንኑ ስታመላልስ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ይጠፋባታል። አንዳንዴ የንግሥት ሐሳብ ይመጣባትና 'ምን ነበረበት?' ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ የዓቢዳ ስም ሲጠራ ዞር የምትለዋ ፌቨን ትታያታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አሚና ለገበያ የማይበቁ ጥቂት ፓፓያዎችን ስትለቅም ዓቢዳ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ካሳዬ ዘንድ ቻርጅ ማድረጉን ከተወችው ሰንብታለች፤ እጇ ባዶ ነው።

"ያቺ ሴትዮ 'አልተገኘችም' ብዬ እዘጋለሁ ነው ያለችሽ?"

"አዎ።"

"እውነቷን ነው" አለች ዓቢዳ። "አልተገኘሁም።"

ከዚያ ፓፓያውን አብራት ትለቅም ጀመር።

ጥቅምት ሳያልቅ ደሴም ተያዘች። የፌቨን ቤተሰብ እንደገና ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ገባ፤ የምዝገባው ሥራም በዚያው ተቋረጠ። ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ከመርሳና ከወልድያ ወጡ። ኔትወርኩ ተመልሶ ሲመጣ የዓቢዳ ስልክ ያለ ማቋረጥ ጮኸ። ወራት የተጠራቀመ የሥራ ማስታወቂያ ነበር፤ ያልተዘጋ አንድም የለበትም። በዚያው ቀን ፌቨን ደወለች። ሁለቱ መጀመሪያ ላይ እንደ እንግዳ ሰው ተጠያየቁ። ከዚያ ፌቨን "አስቀየምሁሽ?" አለች። ዓቢዳ "በጣም" አለችና፣ ትንሽ ቆይታ፣ "ግን እኔ አንቺን ብሆን በስልኩ ያን ያህል አሳምሬ አልመልስም ነበር" አለች። ያን ቀን አመሻሹ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተላላኩ።

ሥራ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። ጦርነቱ በሰብልና በከብት ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚያጠና አንድ ድርጅት ለአጭር ጊዜ ኮንትራት ወልድያ ጠራት። ማመልከቻውን መቼ እንደላከች አታስታውስም፤ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ከሐራ ከተማ ጀምሮ በየቀበሌው እየዞረች ገበሬዎችን ስትጠይቅ ከረመች፤ የምትመዘግበው በታብሌት ነው። ፊቷ በፀሐይ ጠቆረ፤ እናቷ ግን ደም ግባቷ የተመለሰ መሰላት። ኮንትራቱ ሲያልቅ አራዘሙላት። እንደገና እንደሚያራዝሙላት ግን ማንም አልነገራትም፤ ስለዚህ ማታ ማታ ተከራይታ በምትኖርበት ክፍል ሆና ሌላ መፈለጓን አልተወችም።

በነሐሴ በቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና ተጀመረ። የወልድያ ሰው ዳግመኛ ወደ ደሴ መውረድ ያዘ። አሚና አስፋልቱ ዳር ቆማ ከወልድያ የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እየተንጠራራች በመስኮቱ ታያለች፤ ስልክ ትደውላለች፤ መስመሩ ተይዟል ይላታል። ቀትር ካለፈ በኋላ አንዱ መኪና ቆመና ዓቢዳ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። አሚና ዘላ አቀፈቻት።

"ሥራው ቆሟል" አለች ዓቢዳ። "ሁላችሁም ሂዱ አሉን። አባ የት ነው?"

"መኪና ሊፈልግልን ሄዷል። ዛሬውኑ እንወጣለን።"

ዓቢዳ ሻንጣዋን የፓፓያው ሣጥን ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። "እማ፣ እዚህ ኔትወርክ አለ?"

"እስካሁን አለ።"

"አንዲት ቀርታኛለች፤ ዛሬ ትዘጋለች" አለችና አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። አሚና ሙሄዲን የሚመጣበትን መንገድ እያየች፣ ፀሐዩ መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅባት ሻሿን ከፍ አድርጋ ከለለችላት።